የድሬ ባቡር በረሃ ላይ ቢቀርስ? የምስጢርና የመትረፍ ተከታታይ ድራማ አጻጻፍ

ፉርጎ ሰባት፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ ተከታታይ ድራማ እጅ ላይ አለ። 8 ክፍል፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ዘመኑ 1980ዎቹ፣ ስልክ በየኪሱ ያልገባበት። ከድሬ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የድሮው ባቡር ከአዲጋላ አልፎ አይሻ ሳይደርስ በረሃ ላይ ይቆማል። 31 ሰው። ከፊትም ከኋላም ድልድዩ ተወስዷል፣ የት እንዳሉም ማንም አያውቅም። ከዚያ በየሌሊቱ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ጠዋት ሲቆጠሩ 30፣ በማግስቱ 29። ምን እንደሚወስዳቸው እስከ ክፍል 8 አይነገርም።

መነሻው ሎስት፣ አውሮፕላናቸው ደሴት ላይ ወድቆ ስለተረፉ ሰዎች የሚያወራው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ መሆኑ አይደበቅም። የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። ስንት ምስጢር ይበቃል? የሰዎቹ ያለፈ ሕይወት የት የት ይግባ? መጨረሻው ላይ ሁሉም ይመለስ ወይስ የተወሰነው ይቅር? ሎስትን ያላያችሁ ከዚህ በታች አትውረዱ፣ መጨረሻው ሳይቀር ይወራል።

ከዚራ ስክሪፕት፦
ምስጢሩን ለጊዜው አስቀምጠውና ስንት ሊትር ውሃ እንዳላቸው ንገረን። የምሬን ነው።

ሎስት በመስከረም 2004 እ.ኤ.አ. ኤቢሲ ላይ ሲጀምር ሰው የሚያወራው ጫካ ውስጥ ስለሚያገሳው ነገር ነበር። ድራማውን የተሸከመው ግን የጎደለ ዕቃ ነው። ክፍል 5 ላይ ውሃ ያልቃል፣ የቀረችውን ቡን የሚባለው ተሳፋሪ ይወስዳታል፣ ካምፑ ሊባላ ይደርሳል። አብረን ካልኖርን ለየብቻ እንሞታለን የሚለው የድራማው ዋና ሐሳብ የወጣው ከዚያ የውሃ ጠብ ነው። ክፍል 8 ላይ ሻነን የምትባለው ተሳፋሪ አስሟ ይነሳባታል፣ የአስም ፓፉ የለም፣ ሳዊየር ደብቆታል ተብሎ ሰዒድ ያሰቃየዋል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም ሳዊየር ዘንድ አልነበረም። ሰውን ማሰቃየት ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ጥያቄ ማንም ቆሞ ንግግር አላደረገበትም፤ የጠፋ ፓፍ ነው ያመጣው።

አሁን ሁለተኛውን ምዕራፍ ተመልከት። ከመሬት በታች ያለው ክፍል ተከፍቶ ምግብ የሞላበት ጓዳ ይገኛል፣ ሀርሊ አከፋፋይ ይደረጋል፣ መስፈሩን ስለጠላው ሁሉንም በአንድ ማታ ለሁሉም ያድለዋል። ክፍሉ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ረሃብና ጥማት እንደ ፊተኛው ማንንም አያስፈራም፤ ድራማው ተመልካቹን ይዞ ለመቆየት እንቆቅልሽ በእንቆቅልሽ ላይ መደረብ ነበረበት። በየ108 ደቂቃው የሚጫኑት ቁልፍ፣ 4፣ 8፣ 15፣ 16፣ 23፣ 42 የሚሉት ቁጥሮች (ብትደምራቸው 108 ይመጣሉ)፣ ሌላም ሌላም። መትረፍ ሲቀል ምስጢር ይከብዳል። የአንተ 8 ክፍል ያንን ክብደት አይችልም።

መጋላ አሹቅ፦
31 ተዋናይ? አቦ ማን ሊከፍል ነው? ምሳቸው ብቻ ባጀቱን ይበላዋል።

ከዚራ ስክሪፕት፦
@መጋላ አሹቅ 9 ስም ያለው፣ ሌላው መልክ ብቻ። ሎስትም ከመካከለኛው የአውሮፕላኑ ክፍል 48 ሰው ተረፈ ብሎ ጀመረ፤ ታሪክ የነበራቸው 14 ቢሆኑ ነው። የተቀሩት ከኋላ እንጨት ይለቅማሉ።

ሐዲድ ጠጋኝ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ላስተካክልልህ። ባቡር አይጠፋም። አውሮፕላን ከመስመር ወጥቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ባቡር ግን አድራሻው ሐዲዱ ነው። ያ መስመር ነጠላ ነበር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጣቢያ ለጣቢያ የሚገናኘው በስልክ ሽቦ ነው። ባቡሩ ከአንዱ ጣቢያ ሲነሳ ለሚቀጥለው ይነገራል። በሰዓቱ ካልደረሰ የጣቢያው ሹም ይደውላል፣ መልስ ካጣ ከሁለቱም ወገን የጥገና ሠራተኞች በሐዲዱ ላይ ይላካሉ። ስለዚህ "ማንም የት እንዳሉ አያውቅም" የምትለው አታስኬድህም። የት እንዳሉ ይታወቃል፣ መድረስ ነው ያልተቻለው። ይህ ደግሞ የባሰ ያስጨንቃል፣ ተጠቀምበት።

መድረስ እንዳይቻል ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ጎርፍ ነው። ደረቁን ወንዝ የሚሞላው ዝናብ የሚጥለው ሌላ ቦታ፣ ከፍታው ላይ ነው፤ ሜዳው ላይ ሰማይ ጠርቶ ውሃው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። የድልድዩን ቋሚ ከሥሩ ያጥበዋል፣ ሐዲዱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የስልኩ ምሰሶም አብሮ ይሄዳል። ባቡሩን በሁለት ደረቅ ወንዞች መካከል አቁመው። ሁለተኛው ጦርነት ነው፤ በ1969 ድልድዮች እየፈረሱ መስመሩ ለወራት ተቋርጧል። ግን ጦርነቱን ካስገባህ ድራማው ስለ ጦርነቱ ይሆናል፣ ምስጢርህን ይውጠዋል።

መጋላ አሹቅ፦
ጎርፉ ላይ ተጠንቀቁ። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ድሬ ውስጥ ሞልቷል። ድምፁን ለማስፈራሪያ ብላችሁ እንዳታስገቡት።

ሐዲድ ጠጋኝ፦
@መጋላ አሹቅ ልክ ነህ። ጎርፉ ራሱ ባይታይ ይሻላል። ጠዋት ድልድዩ የለም፣ በቃ።

ሲስተር ሳቢያን፦
ወደ ውሃው ልመለስ። በ40 ዲግሪ ሙቀት ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚውል አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ይፈልጋል። በፀሐይ ከተራመደ በሰዓት 1 ሊትር ያህል በላብ ብቻ ያጣል። 31 ሰው በ5 ሊትር 155 ሊትር ነው። ባቡሩ ላይ 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ ብትል 200 ሊትር፤ አንድ ቀን ከሩብ። በ2 ሊትር ብትመጥን በቀን 62፣ ሦስት ቀን ትደርሳለህ፣ ግን እየተጎዱ ነው። ስለዚህ 8 ክፍልህን 8 ቀን ማድረግ አትችልም፣ ወይም መሀል ላይ ውሃ ማግኘት አለባቸው። እኔ ብሆን ታሪኩን 5 ቀን አደርገዋለሁ።

ሰውነት እንዴት እንደሚሄድ ለተዋናዮቹ ስጣቸው። ከክብደቱ 2 በመቶ ውሃ ሲያጣ ጥማትና ድካም፤ 5 ሲደርስ ራስ ምታት፣ ንጭንጭ፣ ፈጣን የልብ ምት፤ 10 አካባቢ መቃዠት፣ መንገዳገድ፣ ምላስ ማበጥ። ጠቡ የሚመጣው 5 ላይ ነው፤ 10 ላይ የሚጣላ ጉልበት የለውም። ብዙ ድራማ ይህን ገልብጦ ሊሞቱ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ያስጮሃቸዋል።

ሌላ፦ ያ ባቡር ኮንትሮባንድ የሌለበት ቀን ነበረው? ስኳር አስገባበት። 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም በማንኪያው ልክ የተላጨ፤ ይህ ተቅማጥና ትውከት የያዘውን ሰው ያተርፋል። ከፊናንስ፣ ከኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪ ፖሊሶቹ፣ ስትደብቅ የመጣች ነጋዴ ጆንያዋን ትፈታለች ወይስ አትፈታም?

ፉርጎ ሰባት፦
ሲስተር ይህ ወርቅ ነው። አንድ ክፍል ከዚህ ብቻ ይወጣል። ግን ውሃ መሀል ላይ ከየት ይምጣ? አንድ ሐሳብ አለ፦ የሎኮሞቲቩን ራዲያተር ይከፍታሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመረዛሉ። ፀረ በረዶው ጣፋጭ ስለሆነ ሳያውቁት።

ሐዲድ ጠጋኝ፦
በዚያ ሙቀት ፀረ በረዶ ማን ያስገባል? የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የሚዞርበት ውሃ ላይ የሚጨመረው ፀረ ዝገት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቦሬትና ናይትሬት ያለበት ዱቄት። መጠኑ ግን ብዙ መቶ ሊትር ውሃ ነው፣ ያ ፈተና ይሆናል። መካኒኩ ያውቃል። መካኒኩን የት አደረስከው?

ሲስተር ሳቢያን፦
ጋሼ ሐዲድ እንዳሉት ከሆነ ምስጢርህን አገኘህ ማለት ነው። ናይትሬትና ናይትራይት ይለያያሉ፤ ለዝገት የሚገባው ናይትራይቱ ነው። ያንን የጠጣ ሰው ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይለወጣል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ያልባል፣ ያቅለሸልሸዋል። ጣቱን ብትወጋው የሚወጣው ደም ቸኮሌት ይመስላል፣ አየር ቢነካውም አይቀላም። ሕፃናትን ይብሳል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይወፍራል። የሆስፒታል መድኃኒት አለው፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባል በደም ሥር የሚሰጥ፤ በረሃ ላይ ግን ትንሽ የጠጣው መጠጣቱን አቁሞ ጥላ ሥር ቢተኛ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ብዙ የጠጣው አይመለስም።

አስበው እንግዲህ፦ ማታ ውሃ ተገኘ ተብሎ ደስታ፣ በጥንቃቄ ይፈላል፣ በጣም የተጠነቀቀችው እናት አብዝታ ታፈላዋለች፣ በጣም የሚታመመው የእሷ ልጅ ይሆናል።

ከዚራ ስክሪፕት፦
አቦ ይኸው! ጥሩ ምስጢር ማለት ይህ ነው። ሰማያዊ ከንፈር ለካምፑ እርግማን ነው፤ አንዱ ጂን ይላል፣ አንዱ መቃብር ላይ ቆመናል ይላል፣ አንዱ ጎረቤቱን ይከሳል። መልሱ ግን ክፍል 1 ላይ በዓይናችን ፊት አልፏል፦ መካኒኩ ድሬ ጣቢያ ላይ ከጣሳ ዱቄት ሲጨምር። ተመልካቹ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረጋገጥ ካልቻለ ምስጢር አይደለም፣ ዕቃ መደበቅ ነው።

ሎስት ይህን በጣም አሳምሮ የሠራው በመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍል 4 ላይ ነው። ጆን ሎክን ባለፈ ሕይወቱ ደጋግመን እናየዋለን፦ ቢሮ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ስልክ ሲያወራ፣ የጉዞ ወኪሉ ጋ ተቀምጦ። አንዴም ቆሞ አላየነውም፣ አላስተዋልንም። መጨረሻ ላይ ካሜራው ወደ ኋላ ሲል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ደሴቱ ላይ ግን በእግሩ ይሄዳል። ቁልፍ ቦታ ላይ ማንም አልዋሸንም፣ የካሜራው ክልል ብቻ ነው የተጠበበው።

አሠራሩን ከፈለግህ አራት ዓምድ ያለው ደብተር ያዝ። ጥያቄው፣ መልሱን የሚያውቀው ሰው፣ ማስረጃው የታየበት ክፍልና ደቂቃ፣ መልሱ ማንን ምን እንደሚያስከፍል። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን ጥያቄ ሰርዝ። ለ8 ክፍል ትላልቅ ጥያቄዎች ከ3 አይብለጡ፤ በየክፍሉ አንድ ትንሽ ይከፈት፣ አንድ ትንሽ ይዘጋ። ክፍል 5 ላይ ከትላልቆቹ አንዱ ካልተዘጋ ሰው ይሄድብሃል።

ያለፈ ሕይወት ጉዳይም እዚሁ ላይ ይመለሳል። በአንድ ክፍል አንድ ሰው ብቻ፤ 4 ወይም 5 ትዕይንት፣ እያንዳንዱ ከ2 ደቂቃ አይብለጥ። መግቢያው ትዝታ አይሁን። "ወደ ሩቅ አየች፣ አስታወሰች" የሚለውን ተወው። በረሃው ላይ ልትወስነው ያለውን ነገር ድሬ ላይ ቀድማ አንዴ ወስናው ነበር፤ ያንን አሳየን። ነጋዴዋ ጆንያዋን ልትፈታ ስትል ድሬ ታይዋን ገበያ ላይ አንዴ ፈትታ የደረሰባት ይግባ።

ሽንሌ ጥላ፦
አንድ ነገር ማንም አላነሳም። በረሃው ባዶ ነው ያለው ማን ነው? ከሽንሌ እስከ ደወሌ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደር አገር ነው። የቆመ ባቡር በአንድ ቀን ውስጥ ግመል የሚጠብቅ ልጅ ያየዋል። 5 ቀን ሙሉ ማንም ሳይመጣ ከቀረ ድራማችሁ በረሃውን በካርታ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሎስትም ላይ ደሴቱ ሰው ነበረበት፣ "ሌሎቹ" ተብለው ለረጅም ጊዜ ጭራቅ ሆነው ቆዩ። ያንን ወደዚህ ገልብጣችሁ አርብቶ አደሩን የሌሊት ጥላ ብታደርጉት ያሳፍራል። በሁለተኛው ቀን ይምጡ። ልጁ ወተት ይዞ ይምጣ፣ ሶማልኛ የምትችለው ያቺው ኮንትሮባንዲስቷ ብቻ ትሁን፣ የምትተረጉመውን ማን ያረጋግጣል? ውሃም እነሱ ያውቃሉ፦ አሸዋማው ወንዝ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ወንዙ በሚታጠፍበት በውጭው ዳር ይቆፈራል፣ አንዳንዴ 1 ሜትር፣ አንዳንዴ ከ2 በላይ። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ አፉ ሰፋ ተደርጎ ወደ ታች ይጠባል፣ የሚያጠራቅመው ውሃ በጣሳ ይቀዳል። 31 ሰው በሰልፍ የሚጠጣበት አይደለም፣ የግመሎቹም ድርሻ አለ። ጠቡ ከዚያ ይጀምራል፣ ያውም ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ።

ሐዲድ ጠጋኝ፦
አበጀህ ሽንሌ። የባቡር ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ጁገል ሌሊት፦
ሁሉንም ነገር በኬሚካልና በጉድጓድ ፈትታችሁ ልትጨርሱት ነው። ትንሽ የማይፈታ ይቅር እንጂ።

የማይፈታው ግን ሕግ ይኑረው። ሐረር ላይ የዓሹራ ዕለት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ትረካው ከረሃብ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፦ ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር ገንፎ ተሰጥቶት ታረቀ ይባላል። ጅቡ ገንፎውን እንዴት እንደበላው ታይቶ ስለ ዓመቱ ይነገራል። እዚህ ውስጥ ምን አለ? ውል አለ፣ ቀን አለው፣ የሚቀርብ ነገር አለው፣ ምልክት አለው። ማንም ጅቡ ለምን እንደተስማማ አይጠይቅም፣ ግን ውሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ጁገልም ላይ ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ ተትቷል፤ አምስቱ በሮች ማታ ይዘጉ በነበረበት ዘመን እንኳ የእሱ መንገድ ክፍት ነበር። ተመልካች ምክንያቱ ሳይነገረው ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕጉ በየክፍሉ ከተለዋወጠበት ነው የሚናደደው። ሎስት ላይ ጫካ ውስጥ በሚያገሳው ጥቁር ጭስ ብዙ ሰው የተበሳጨው ማንነቱ ስለዘገየ ሳይሆን ማንን እንደሚገድል ማንን እንደሚተው ለረጅም ጊዜ ሥርዓት ስላልታየበት ይመስለኛል።

እና እባካችሁ ሌሊት የሚጠፉትን ሰዎች ጅብ በላቸው እንዳትሉ። ተሰልችቷል፣ ለሐረር ጅብም ስም ማጥፋት ነው።

ከዚራ ስክሪፕት፦
@ጁገል ሌሊት ሕጉ ላይ እስማማለሁ። የሌሊቱ መጥፋት ግን ፍቺው ከውሃው ሒሳብ ውስጥ ቀድሞ ያለ ይመስለኛል። ባቡሩ ከቅርቡ ጣቢያ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። ተመልካቹ ገና ክፍል 1 ላይ "ለምን በሐዲዱ ላይ በእግራቸው አይሄዱም?" ይላል፣ ትክክል ነው። አንድ ሰው በሌሊት በሐዲዱ ላይ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 10 ሰዓት፤ ጤነኛ ሰው በ4 ሊትር ውሃ ይደርሳል። ጤነኛ ያልሆነው አይደርስም። አብረው ከሄዱ ሽማግሌው፣ እርጉዟ፣ እግሩ የተሰበረው ይቀራሉ። ስለዚህ ማንም አይሄድም ተብሎ በክፍል 1 ይማማላሉ።

የሚጠፉት እየሄዱ ነው። እያንዳንዱ ከጋራው 4 ሊትር ሰርቆ። የቀሩት "ምን ወሰዳቸው?" እያሉ ይፈራሉ፤ ውሃው ከሒሳብ በላይ ለምን እንደሚጎድል ደግሞ በሌላ ይጠረጥራሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው፣ ሲስተር የሰጠችህን ቁጥር ይዞ የሚደምር ተመልካች ክፍል 4 ላይ ይደርስበታል። ይድረስበት፣ ግድ የለም። ከዚያ በኋላ የሚያየው "ቀጥሎ ማን ይከዳል?" የሚለውን ነው።

ፉርጎ ሰባት፦
ከሄዱት የሚደርስ አለ?

ከዚራ ስክሪፕት፦
አንዱ ይድረስ። ደርሶም ዝም ይበል፤ ብቻዬን ነው የተረፍኩት ይበል። አለበለዚያ የሰረቀው ይወጣበታል።

ድምፅና ብርሃን፦
ስለ ቀረጻው በአጭሩ። በዚያ ሜዳ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ቅረጹ። በቀትር ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳ ሁሉ አንድ ይመስላል፣ ካሜራውም ግሎ ይጠፋል። ቀትር የግድ ከሆነ ፉርጎው ውስጥ ግቡ፤ በመስኮቱ ነጭ ብርሃን ይግባ፣ ፊት ጨለማ ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማይክ ላይ ፀጉራም መሸፈኛ ካላደረጋችሁ ንግግሩ አይተርፍም። ሙዚቃ ከማብዛት የብረቱን ድምፅ ቅዱ፦ የፉርጎው ጣሪያ ጠዋት ሲሞቅና ማታ ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። ሰዓቱን ያለ ሰዓት ይነግራችኋል።

የገጽታ መዝገብ ያዙ። ክፍል 6ን ከክፍል 2 በፊት መቅረጻችሁ አይቀርም። ለእያንዳንዱ ተዋናይ በየቀኑ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የፀሐይ ቃጠሎ፣ የልብስ ቆሻሻ፣ የጢም ርዝመት ፎቶ ይኑር። ፂም ዋናው ከሃዲ ነው። ሰማያዊ ከንፈሩን ደግሞ አታጋኑት፤ ግራጫ ቀድሞ፣ ሰማያዊው ከሥር።

መጋላ አሹቅ፦
መጨረሻውስ? ሎስት "ሁሉም መጀመሪያውኑ ሞተው ነበር" ብሎ እንዳታለለን እንዳትሠሩት።

ከዚራ ስክሪፕት፦
@መጋላ አሹቅ ሎስት እንደዚያ አላለም። ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ጎን ለጎን ያሳየው ሌላ ሕይወት ነው ከሞት በኋላ የሆነው፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጃክንም አባቱ በግልጽ ነግሮታል። ግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ጣቢያው በማብቂያው ስሞች ሥር የወደቀውን አውሮፕላን ባዶ ምስል አስገባበት። ሰው ያንን አይቶ ማንም አልተረፈም ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ከመጨረሻው ንግግር በኋላ የምታሳዩት ማንኛውም ምስል እንደ መልስ ይቆጠራል። ስማችሁን በጥቁር ላይ ጻፉ።

ከሎስት መወሰድ ያለበት ሌላው የ2007ቱ ስምምነት ነው። 48 ክፍል ይቀራል፣ በሦስት ምዕራፍ ያልቃል ተብሎ ቀኑ ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ የድራማው መሪ ጸሐፊዎች ሊንደሎፍና ኪውዝ የሚጽፉት መቼ እንደሚያበቃ ሳያውቁ ነበር፤ ሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ሰዎቹ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ታስረው የሚቆሙት ለዚያ ነው። ቀኑ ከታወቀ በኋላ የመጡት፣ በተለይ የሰዎቹን የወደፊት ሕይወት ማሳየት የጀመሩባቸው ክፍሎች፣ ፍጥነታቸው ሌላ ነው። አንተ 8 ክፍልህን አውቀሃል፤ ስፖንሰር 13 አድርገው ቢልህ እምቢ በል።

ፉርጎ ሰባት፦
እሺ፣ እስካሁን ያለው ይህን ይመስላል። 5 ቀን፣ 8 ክፍል። ክፍል 1 ድሬ ጣቢያ፣ ዱቄቱ፣ ድልድዩ፣ መሐላው። 2 ቆጠራና 200 ሊትር፣ የመጀመሪያው መጥፋት። 3 ልጁ በግመል ይመጣል። 4 ጆንያው። 5 ራዲያተሩ፣ ሰማያዊ ከንፈር። 6 መካኒኩ ለምን ዝም እንዳለ፦ ከሄዱት መጀመሪያ እሱ ነበር። 7 አሸዋው ሲቆፈር፣ የድርሻ ጠብ። 8 የደረሰውና ዝም ያለው ሰው አይሻ ላይ ሲጠየቅ። ጁገል ሌሊት ያለው አንድ የማይፈታ ነገር ገና ቦታ አላገኘም።

ጁገል ሌሊት፦
ልጁ የሚመጣው ለምን ሁልጊዜ ከቆጠራው በፊት ነው? ማንም አይጠይቀው። ባልመጣበት ጠዋት ብቻ ሁለት ሰው ይጉደል።

ሲስተር ሳቢያን፦
ክፍል 4 ላይ ስኳሩ ሲበጠበጥ ጨውን እንዳታበዙ፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደገና ይበጠበጣል። ተዋናይዋ ቀምሳ ስትደፋው ይታይ፣ ውሃ መድፋት እዚያ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ።

መጋላ አሹቅ፦
የዱቄቱ ጣሳስ? ላዩ ላይ ምን ይጻፍበት?

ሐዲድ ጠጋኝ፦
የባቡሩ ሥራ ቤት በፈረንሳይኛ ነበር፣ ስለዚህ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ የተላጠ። መካኒኩ ሲጨምር ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ እጁን ከሰል በነካው ጨርቅ ይጠርጋል፣ ጣሳውን ከመቀመጫው ሥር ይገፋል። 4 ሰከንድ በቂ ነው። ሙዚቃ አታድርጉበት።